ሁለት ጣሳ የፍሬን ዘይት

«ይህ የሰሊጥ ዘይት ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። «ሌባ!» ያለው ሻዕባን ነው። በሁለቱ መካከል ሰው አንዴ የሚተነፍስበት ጊዜ እንኳ አላለፈም። ቅዳሜ ነበር፤ የአሶሳ ገበያ ሞልቷል፤ የእኔን ጋራዥ ከገበያው የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ፣ ማንጎው ሥር፣ ከባምባሲ የመጡ ገበያተኞች ዕቃቸውን አስቀምጠው አረፍ ብለዋል። ጠዋት በጭነት መኪና መጥተው ከሰዓት በሻዕባን ላንድሮቨር የሚመለሱ ናቸው። ሁሉም ሰሙ። ሽንኩርት ትመርጥ የነበረች ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ሹፌሩ ዋኘው ከኋላ ጎማው የፈታነውን ታምቡር በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ታምቡር ፍሬኑ ውስጡ የሚቀመጥበት ክብ ብረት ነው፤ ከባድ ነው። ስድቡን ሰምቶም አላስቀመጠውም።

ሻዕባን የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። «ኻሊ» ይለኛል፤ የእናቴ ወንድም ማለቱ ነው። መኪናዋ የእሱ ትባል እንጂ የተገዛችው እህቴ ዓዲላ ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ጨምቃ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ሐሙስ ዕለት ከባምባሲ ስትመለስ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ እምቢ አለ። ዋኘው መሪውን ወደ አፈሩ ግድግዳ ጠምዝዞ አስቆማት። አንዲት ሴት እጇ ተሰበረ፤ ሌላው ሰው ተረፈ። ዛሬ ክሪክ አስገብቼ የግራውን የኋላ ጎማ ስፈታ ውስጡ ሁሉ ርሷል። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጎማው ላይ ያለችውን ትንሿን ፖምፓ ፈትቼ ጎሚኒዋን በካቻቪቴ አወጣኋት። ጎሚኒ የምንለው ዘይቱን አግዶ የሚይዘውን የላስቲክ ቆብ ነው። ጠንካራ መሆን ሲገባው እንደተነከረ ባቄላ አብጦ ለስልሷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የፍሬን ዘይት ሽታው የመድኃኒት ነው። ይህ የተቆላ ሰሊጥ ይሸታል። ሳላስብ ተናገርኩ። የሙያ ነገር ነው ከአፌ የወጣው፤ ሰው ላይ ይወድቃል አላልኩም።

«የፍሬን ዘይት ጣሳ ሁለት ገዛሁ» አለ ሻዕባን በአማርኛ፣ ማንጎው ሥር ያሉት እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከነቀምት አስመጣሁ። ከወንበር ኋላ አስቀመጥኩ። አሁን ጣሳ የለም። የት ሄደ? ሸጠ! በሱ ፈንታ የምግብ ዘይት ሞላ!»

«አልሸጥኩም» አለ ዋኘው። «ሰኞ ሳይ ጣሳዎቹ የሉም። እርስዎ ወደ ቤት ያስገቧቸው መሰለኝ። የዘይቱን ቋት ከፍቼ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ማክሰኞም ሙሉ ነው። ረቡዕም ሙሉ ነው።»

«የሚያፈስ መኪና በየቀኑ ሙሉ? መላእክት ነው የሚሞላው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ሽንኩርት የምትመርጠው ሴት፣ «እኛ ለወጥ ያጣነውን መኪና ይጠጣዋል እንዴ?» አለች፤ ሳቁ በዛ። ሻዕባን አልሳቀም። ጣቱን ዋኘው ደረት ላይ አድርጎ፣ «ኻሊ ይጨርስ፤ ከዚያ እኔና አንተ ፖሊስ ጣቢያ ነን። ከዚያ ወዲያ በዚህ አገር መሪ የሚሰጥህ ካለ አያለሁ» አለው።

ዋኘው ከወንበራ ነው የመጣው፤ እዚያው ወንበራ ካለችው ደብረ ዘይት። እኛ ዘንድ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ስድስቱን ለሻዕባን ነድቷል። ብዙ አይናገርም። ታምቡሩን ጆንያ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ «ጋሼ ባቢከር፣ የቀኙን ልፍታ?» አለኝ። ትቼ ብሄድ ሌባው እሱ ነው ይላሉ ብሎ እንደቆየ ገባኝ። ሻዕባን የግራውን ብቻ ጠግነህ በአሥር ሰዓት አስነሳልኝ ሲለኝ፣ አይሆንም አልኩት። ዘይት አንዱን ጎማ በክሎ ሌላውን አይተውም። ዛሬ ያፈሰሰው ግራው ነው፤ ነገ ቀኙ፣ ከነገ ወዲያ ዋናው ፖምፓ። ላስቲክ የተባለ ሁሉ ወጥቶ መጣል፣ ቧንቧው በአልኮል መታጠብ አለበት። ጎሚኒ ሣጥኔ ውስጥ አለኝ። የሌለኝ የፍሬን ዘይት ነው። በከተማውም የለም፤ የሚመጣው ሰኞ ከነቀምት ነው። ሻዕባን ተሳደበና ዘይት ሊፈልግ ወጣ። እኔና ዋኘው ጎማ በጎማ ፈታን። አራቱም ታምቡሮች ሲከፈቱ ያው ሽታ ነው።

አሶሳ ሰሊጥ የሚጨምቅ ብዙ ነው። አብዛኛው ጥሬውን ይጨምቃል፤ ዘይቱ ነጣ ያለ፣ ሽታው ለስላሳ ነው። ጥቁር እስኪል ቆልቶ የሚጨምቅ አንድ ቤት ብቻ አውቃለሁ። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ ዓዲላ ናት። ያን ሽታ ይዤ ነው ያደግሁት። አፍንጫዬ ከጠዋት ጀምሮ አውቆት ነበር። እኔ ግን እጄን በአልኮል እያጠብኩ፣ ጎሚኒ እየቆጠርኩ፣ ብሎን እያጠበቅሁ እስከ እኩለ ቀን አላወቅሁም ብዬ ቆየሁ። ዋኘው አንዴ ቀና ብሎ አየኝ።

የዙሁር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። የቅዳሜ ምሳዬ እዚያ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ግቢው ሰፊ ነው። በአንድ ወገን የሻዕባንና የሚስቱ የብኸይታ ቤት፣ በሌላው የዓዲላ ክፍል፣ ከክፍሏ ጀርባ ጓዳው። ጓዳው ባለ ቁልፍ ነው። ቁልፉ እህቴ ወገብ ላይ በክር ታስሯል፤ ስትተኛም አይፈታም። ስኳር፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ጨው፣ ሁሉም ከዚያ በእሷ እጅ ተለክቶ ይወጣል። ብኸይታ ለሻይ ስኳር ስትፈልግ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ቆማለች። ስገባ ሰላም አለችኝና ወደ ቤቷ ገባች። እህቴ ገንፎ አቀረበችልኝ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው አዲስ በነጭ አፈር ተለቅልቋል፤ መስኮቱ ላይ የሰሊጥ ዘይት የሞሉ ሰባት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ጠርሙስ ካለፈው ወር ሃያ አምስት ሳንቲም ጨምሯል አለችኝ። ሰሊጥ በእሳት ዋጋ ነው የሚገዛው አለች። የባምባሲ ነጋዴዎች ናቸው ያስወደዱት አለች። አዳመጥኩ።

«መኪናው አለቀ?» አለችኝ በኋላ። በቋንቋችን ነው የምንነጋገረው።

«ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠዋል» አልኳት። «ሰሊጥ ጠጥተው።»

ሻይዋን የምታማስልበትን ማንኪያ አላቆመችም። «ጥሩ ሰሊጥ ነው» አለች።

በዚያ ቤት የሰሊጥ ዘይት የማይገባበት ነገር የለም። የተዘጋ ቁልፍ ይከፍታል፤ የሚንቋቋ ማጠፊያ ዝም ያሰኛል፤ ለሳል ይጠጣል፤ የሕፃን ገላ ይታሻል፤ የልብስ ስፌት መኪናው ሃያ ዓመት የሠራው በእሱ ነው። እህቴ ከፈጅር በፊት ተነስታ ግቢውን ትዞራለች። ሹፌሩ በየማለዳው የመኪናዋን አፍንጫ ከፍቶ ከጣሳ ሲያፈስ፣ ፊቱም ሲጨልም አይታለች። ጣሳው ሦስት ብር ነው፤ ሽታውም አስጠልቷታል። ሦስት ብር አውጥቶ መርዝ የመሰለ ነገር ማጠጣት ምንድን ነው ብላ እሑድ ጣሳዎቹን ወሰደች። ከሰኞ ጀምሮ ቢስሚላህ እያለች ራሷ ሞላችው። ይህን ስትነግረኝ እንደ ሥራዋ ነው የነገረችኝ። ደግ አደረግሽ እንድላት ጠበቀች።

«ሻዕባን ሹፌሩን ሌባ ብሎታል» አልኳት። «በሰው ፊት። ወደ ፖሊስ ሊወስደው ነው።»

ያኔ ማንኪያው ቆመ። ከወዲያኛው ቤት የብኸይታ ሳህን የማጠብ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ እሱም ቆመ። እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐሙስ የተሰበረችው ሴት በእኔ ነው?»

ዓይኔን ወደ ገንፎው መለስኩ።

«ይህ ከተሰማ ቁልፉን ይወስዱብኛል» አለች። «አርጅታለች፣ መኪና ወጥ መሰላት ይላሉ። ሹፌር ሌላ ቤት ያገኛል ባቢከር። እኔ ሌላ ቤት አላገኝም።»

ተነስታ ጓዳውን ከፈተች። ከማሰሮዎቹ ኋላ ሁለቱን ጣሳዎች አወጣች፤ አልተከፈቱም። በጨርቅ ጠቀለለቻቸውና ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «መኪናው ያስፈልገዋል። የት አገኘኋቸው እንደምትል አንተ ታውቃለህ» አለች። ከዚያ ገንፎዬን ጨረስኩ። ልተወው ይገባኝ ነበር፤ በላሁት።

ስመለስ ሻዕባን ባዶ እጁን መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ዋኘው ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የኋላውን ቧንቧ ያጠብቃል፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ጨርቁን ፈትቼ ጣሳዎቹን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሻዕባን አያቸው። አንዱን አንስቶ ገለበጠው፤ ነጋዴው በሰማያዊ ቀለም ዋጋ የጻፈበት ነው፤ የራሱ ጣሳ ነው።

«የት አገኘሃቸው?» አለኝ በቋንቋችን።

«ከእናትህ ጓዳ።»

ጣሳውን መልሶ አስቀመጠ። እናቱን የሚያውቅ ልጅ ፊት አየሁበት፤ እንዴት ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ወደ ማንጎው ዞሮ አየ። ገበያው እየተበተነ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ተሰብስበዋል፤ ጠዋት የነበሩት ናቸው፤ ሽንኩርት የገዛችውም አለች።

«ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው ያገኘኋቸው በል» አለኝ። «ደብቆ ሊሸጣቸው ነበር በል። ፖሊሱን እተዋለሁ። በቃ ያሰናበትኩት ይሁን። ለሱም ይሻለዋል።»

ከመኪናዋ ሥር የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ዋኘው አሥር ዓመት ከእኛ ጋር ኖሯል። ገበያ ላይ በቋንቋችን ይከራከራል፤ በቋንቋችን ይቀልዳል። ሻዕባን ሲናደድ ይህን ይረሳል። እኔ አልረሳሁም። እሺም እምቢም ሳልል ጣሳውን ከፈትኩ። ከዚያ የመፍቻው ድምፅ እንደገና ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እኩል እየሆነ።

አዲስ ዘይት ሲገባ ቧንቧው ውስጥ አየር ይቀራል። አየር ካለ ፔዳሉ ቢረገጥም ፍሬን አይዝም። የሚወጣው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ላይ ተቀምጦ ይረግጣል፤ አንዱ ጎማው ጋ ተንበርክኮ ትንሿን ብሎን በመፍቻ ይከፍታል፤ አየሩና ዘይቱ ተፍ ብሎ ይወጣል፤ ፔዳሉ ወለል ይደርሳል። የረገጠው ሰው፣ ያኛው ዘግቻለሁ እስኪል፣ እግሩን ማንሳት የለበትም። ብሎኑ ክፍት ሆኖ ካነሳ መኪናዋ አየሩን መልሳ ትስባለች፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ቋቱን መሙላት ነበረብኝ። ስለዚህ ሻዕባንን አንተ ርገጥ አልኩት። ሌላ ሰው የለም። አንደኛው ጣሳ ባዶውን ቧንቧ ሲሞላ አልቋል፤ ሁለተኛው ከግማሽ በታች ነው።

ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀመርን። ትእዛዝ የሚሰጠው ዋኘው ቢሆንም በአክብሮት ነው የሚናገረው።

«ይርገጡ።»

«ረገጥኩ።»

«ይያዙ።» ዘይቱ ተፍ ብሎ ወጣ። «ዘግቻለሁ። ይልቀቁ።»

ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። አየሩ አለቀ። ወደ ግራው ዞረ፤ ወደዚያ ወዳፈሰሰው። ተሳፋሪዎቹ መኪናዋ ልትነሳ ነው ብለው ዕቃቸውን ተሸክመው ቀረብ አሉ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ «እንግዲህ ቶሎ በሉ፤ ሳይመሽ ወንዙን እንለፍ» አለ።

«ይርገጡ።»

«ረገጥኩ።»

«ይያዙ።»

ዘይቱ ወጣ፤ አረፋው ታየ፤ ከዚያ ጠፋ። ፔዳሉ ወለል ነካ። «ዘግቻለሁ» የሚለውን ጠበቅን። አልመጣም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዋኘው መፍቻውን ብሎኑ ላይ እንዳደረገ ተንበርክኳል። እጁ አይንቀሳቀስም።

«አልዘጋሁም» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «አቶ ሻዕባን፣ እግርዎን እንዳያነሱ። ጠዋት ሌባ ሲሉኝ እነዚህ ሰዎች ሰምተዋል። አሁንም እዚሁ ናቸው። አይደለም ይበሏቸው። የማንንም ስም አይጥሩ። አይደለም ብቻ። ከዚያ እዘጋለሁ።»

የአጥሩ ማዶ ድምፅ ብቻ ነበር። ሻዕባን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ተመለከተ። ቋቱን አየሁት፤ ከታች ጣት ያህል ነው የቀረው። ጣሳው ውስጥ ያለው ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ብቻ ይበቃል፤ ለዚያውም ካልባከነ። እግሩን ቢያነሳ ዛሬ የለም፤ ነገም የለም፤ ሰኞ ነው። ቢያነሳና ደግሞ በትዕቢት ልነዳት ቢል ቁልቁለቱ አለ።

«ኻሊ፣ ዝጋው በለው» አለኝ በቋንቋችን።

የጣሳውን አፍ በጨርቅ ጠረግሁ።

«ኻሊ!»

«አንተው ተናገር» አልኩት። «አይደለም ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

«እሱ አይደለም ካልኩ፣ ታዲያ ማነው ይላሉ። ጣሳው ከኛ ግቢ ሌላ የት አደረ? እናቴን አጋልጥ ነው የምትለኝ።»

ዋኘው ይህንንም ሰማ። መፍቻውን የያዘው እጁ ላይ ዘይት እየወረደ ክንዱ ድረስ ደርሷል፤ አልጠረገውም። ያንን እጅ ሳየው የቆየሁት ጥቂት ነው፤ ግን ብዙ ነገር አሰብኩ። ገንፎውን በላሁ። ጣሳዎቹን በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀበልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብያለሁ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው እየከፈለ ነው። የሻዕባን ጉልበት ከፍ ሊል ሲል አየሁት።

ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞርኩ። በአማርኛ ተናገርኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ።

«ዘይቱ የእህቴ የዓዲላ ነው። ለመኪናዋ ይጠቅማል ብላ ያፈሰሰችው እሷ ናት። ጣሳዎቹን ያመጣሁት ከጓዳዋ ነው። ይህ ሰው ምንም አልወሰደም።»

«ዘግቻለሁ» አለ ዋኘው ወዲያው። መፍቻው ሲዞር ሰማሁ። «ይልቀቁ።»

ሻዕባን ወዲያው አልለቀቀም። ከዚያ ፔዳሉ ተነሳ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ሽንኩርት የገዛችው ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እትዬ ዓዲላ? ለመኪና?» አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ነጋዴ፣ «ዝም በይ» አላት፤ እሱም ግን ጢሙን እያሻሸ ነው። ከአጥሩ ማዶ አንዱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ ነገረው። ያ ወሬ ከእኔ ጋራዥ እህቴ ግቢ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ አውቀዋለሁ። የቡና ማፍያ ያህል አይሆንም። ብኸይታ ዛሬ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ አትቆምም።

ሻዕባን ወረደ። ፊቴ ድረስ መጥቶ ቆመ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ በልጅነቱ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ወንዝ አሻግሬዋለሁ።

«እናቴን ለሹፌር ሸጥካት» አለኝ። «ቤታችን እንዳትመጣ።»

ያለው ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ልነግረው አልሞከርኩም። ዋኘውን አላየውም፤ አንድ ቃል አልተናገረውም። በተሳፋሪዎቹ መሃል አልፎ፣ ሳቃቸውን እየሰማ፣ ወደ ግቢው መንገድ ጀመረ። መጀመሪያ በእርጋታ ነበር የሚሄደው። አጥሩን ሲያልፍ ሮጠ። ወሬውን ሊቀድመው ነው።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቀርተዋል። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ዋኘው ክንዱን በጨርቅ ጠረገና ጣሳውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ የቀረውን ለካ። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እንዲለኝም አልጠበቅሁም። ቋቱን ሞላው። ከዚያ ወደ ቀኙ የፊት ጎማ ሄዶ ተንበረከከና ጠበቀ።

የግራ ጉልበቴ ካረጀሁ ወዲህ በደንብ አይታጠፍም። በሩን ይዤ፣ ወገቤን ደግፌ፣ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ከሻዕባን ገላ ገና ይሞቃል። በመስታወቱ በኩል መንገዱ ይታየኛል፤ ሰዎች ወደ እህቴ ግቢ አቅጣጫ እየዞሩ ሲያዩ ይታየኛል።

«ይርገጡ፣ ጋሼ» አለ ዋኘው ከታች።

«ረገጥኩ።»

«ይያዙ።»

«ይዣለሁ» አልኩት።